በእናቱ ጓሮ የቀረው ቱቦ

የተከበርሽ ጌሸ፣ የተከበሩ ፓስተር ኢምከ፣ የኦስተርሃመር ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችን። ከሩቅ መኪና ነድታችሁ መጥታችሁ በዚህ ንፋስ የቆማችሁ የፎልከርት ወዳጆች። እዚያ ውሃ ማጠጫዎቹ ከተሰቀሉበት አጠገብ፣ ከበሩ ሳትርቅ የቆምክ ሃርም፣ አንተም ጭምር። ስለመጣችሁ የፎልከርት ባለቤት ጌሸ በእኔ አፍ ታመሰግናችኋለች።

እኔ ኤኖ ነኝ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ቴሌቪዥናችሁን ስጠግን ኖሬያለሁ። ከፎልከርት ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በጎተራው ውስጥ አሮጌ ብረት እየጠራረግን አብረን አርጅተናል። ጌሸ ትናንት "አንተ ተናገርለት" ስትለኝ "እኔ መናገር የምችለው ከማሽን ጋር ነው፤ ከሰው ጋር አይሆንልኝም" አልኳት። "እሱም እንደዚያው ነበር፤ ቅር አይለውም" አለችኝ። ስለዚህ ረጅም ንግግር አትጠብቁ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ከዚህ የመቃብር ጉድጓድ አልርቅም። መስማት ያለበት ሰው ዛሬ እዚህ ቆሟል።

ፎልከርት ማን ነበር?

ለእኛ የጭስ ማውጫችን ጠራጊ ነበር። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ መሰላሉን በትከሻው አንግቶ በብስክሌት የሚመጣው ሰው። በአዲስ ዓመት ማለዳ መንገድ ላይ ስናገኘው የልብሱን አዝራር ነክተን ዕድል የምንለምንበት ሰው። እስቲ ከእናንተ መካከል ያን አዝራር ያልነካ ማን አለ? ጭስ ማውጫ በየዓመቱ ማስጠረግ ሕግ ነውና በየቤታችን ገብቷል። ከማድ ቤት እስከ ቆጥ ድረስ ገብቷል። ማን እርጥብ እንጨት እንደሚያነድ ያውቅ ነበር። ማን ከማን ጋር መኝታ እንደለየ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፤ አይናገርም ነበር።

በየቆጣችን ምን እንዳለም ያውቅ ነበር። ይህንን እኛ ራሳችን አናውቅም። የዓለም ጦርነቱ ሲያበቃ የተሸነፈው የአገራችን ጦር እዚህ በእኛ መሬት፣ ከኋላው ባሕር ከፊቱ ቦይ ሆኖ ታጉሮ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ሲለቀቁ የሬዲዮ ዕቃቸውን በየቦዩ ጣሉት። ሬዲዮው እዚያው በሰበሰ። አንቴናውን ግን ገበሬው ለቀመው። ለምን አይለቅመውም? ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ጠንካራ ብረት የት ይገኛል? የበረት መቀርቀሪያ ሆነ። የዶሮ ቆጥ ሆነ። የመጋረጃ ዘንግ ሆነ። ፎልከርት ያንን አንቴና ይሰበስብ ነበርና፣ ጥቀርሻ ሊጠርግ ገብቶ የሰው መጋረጃ ላይ አፍጥጦ የሚቀር ሰው ነበር። ሴቶቹ ምን ይሉኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ነፍሷን ይማርና ታለከን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ከወፍጮው ጀርባ የነበረችውን። አንድ በጋ ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ ሳለ ወደ ጓሮዋ ቁልቁል ተመለከተ።

"ታለከ" አላት ከላይ ሆኖ፣ "ፎሶልያሽ ምን ላይ ነው የተጠመጠመው?"

"ዘንግ ላይ ነዋ። ምን ላይ እንዲጠመጠም ፈልገህ ነበር?"

"የምን ዘንግ?"

"የብረት። አባቴ ከቦይ ያወጣው። አንተ ሰውዬ ጭሴን ጥረግ፣ ፎሶልያዬን ለእኔ ተው።"

መች ሊተው። ወረደ። ከነጥቀርሻው ፎሶልያው ውስጥ ገብቶ ተንበረከከ። በታንክ ላይ ይተከል የነበረ አንቴና፣ ከነጎማ እግሩ፣ ቅጠል ለብሶ በረድፍ ቆሟል። ፎልከርት እንደዚያ ቀን ሲንተባተብ አይቼው አላውቅም ትል ነበር ታለከ። "ስጪኝ" አላት። "ፎሶልያው ሳይለቀም አንዱን ብትነካ በገዛ መጥረጊያህ ነው የምልህ" አለችው። ሌላ ሰብሳቢ ቢሆን ይለማመጣት ነበር፤ ወይም እሷ ገበያ ስትሄድ ጠብቆ ይነቅለው ነበር። ፎልከርት ጠበቀ። ፎሶልያው እስኪለቀም፣ ቅጠሉ እስኪረግፍ ጠበቀ። ከዚያ ራሱ የቆረጣቸውን የእንጨት ዘንጎች ተሸክሞ መጣ። ራሱ ተከለላት፤ ገመዱንም ራሱ አሰረላት። ሥራ ላይ ያለ ዕቃ አይነቀልም ይል ነበር። የወታደር ዕቃ ሆኖ ከሠራው ሥራ ሁሉ ፎሶልያ መሸከሙ ይሻላል ይል ነበር።

እጁንስ ታስታውሳላችሁ? ከጥፍሩ ሥር ጥቀርሻ የማይጠፋውን እጅ? ለቤተ ክርስቲያን ሲለብስ እንኳ ጌሸ በብሩሽ ፈግፍጋ ማጽዳት የሚያቅታትን? ያ ጥፍር መነጽሩ ነበር። ሰው አንድ ቱቦ ይዞለት ይመጣል፤ በቀለም ላይ ቀለም ተለብዶ ምኑም የማይታይ። ፎልከርት ዓይኑን ይጨፍናል። በጥፍሩ ጫፍ ቱቦውን ከላይ ወደ ታች ይዳስሳል። የሚፈልገው ሦስት ትናንሽ ፊደሎችን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ስማቸውን ደብቀው በብረቱ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ይመቱ ነበርና። ከፊደሎቹ ቀጥሎ ዓመቱ፣ ከዓመቱ ሥር የስብስቡ ቁጥር። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ቀለሙን እንደ ሽንኩርት ንብርብር ያየዋል። ከላይ የገበሬው አረንጓዴ። ከሥሩ አሸዋ የመሰለው የጦሩ ቢጫ። ከሁሉም ሥር ግራጫው። "ይሄ የአንቴና ምሰሶ መካከለኛ ቱቦ ነው" ይላል። "ይሄ የኮከብ አንቴና አናት ነው፤ ዘንጎቹ እንደ ጃንጥላ ከዚህ ነው የሚዘረጉት።" ተሳስቶ አያውቅም አልልም። ሲሳሳት ግን ሰውየው ቤት ድረስ ሄዶ "ተሳስቻለሁ" ይል ነበር።

አንድ ነገር አይወድም ነበር። ቀለም መላጥ። ከከተማ የመጣ አንድ ወዳጃችን፣ ዛሬም እዚህ ነው ስሙን አልጠራም፣ የምሰሶ አናት ልጦ፣ ፈግፍጎ፣ አዲስ ግራጫ ቀብቶ እንደ ድስት እያብረቀረቀ አመጣለት።

"እንዴት ነው ፎልከርት? አዲስ አስመሰልኩት አይደል?"

ፎልከርት አገላብጦ አየው። "አዎ፣ አዲስ ነው" አለ። "አሮጌውን የት አደረስከው?"

ወዳጃችን ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ መሳቁን ተወ። ፎልከርት ግን ሻይ ቀዳለት፤ ድንጋይ ስኳሩን ራሱ ጨመረለት፤ ክሬሙንም በማንኪያ ጀርባ አንሳፈፈለት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየው ተመልሶ መጣ።

ሻይ ሳይቀዳለት የሸኘው ሰው አንድ ብቻ ነው። ያ ሰው ጎተራው ውስጥ ገብቶ አንቴናውን አላየም፤ የዚያን የጦርነት ዘመን አገዛዝ ማህተም ብቻ ነበር የሚያየው። "ንስሩ ያለበት የለህም?" አለ። "ለምን ፈለግኸው?" አለው ፎልከርት። "ክብር አለዋ" አለ ሰውየው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ፎልከርት ጨርቁን አስቀመጠ። "ይሄ ብረት ትእዛዝ ሲሸከም የኖረ ነው" አለው። "ትእዛዙ ምን እንደነበረ ታውቃለህ? በምሥራቅ በየመንደሩ ምን እንደተፈጸመበት ታውቃለህ? እኔ ያስቀመጥኩት ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተናገረበት እንዳይካድ ነው። አንተ ግድግዳህ ላይ ልትሰቅለው ነው። በሩ ከኋላህ ነው።" በእኛ አገር ሻይ ሳይቀምሱ ከቤት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ምሰሶው ልምጣ። ጎተራውን የምታውቁ ምሰሶውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ቱቦ በአንዱ ላይ እየተሰካ የሚቆም፣ አናቱ ላይ ኮከብ አንቴናው የሚዘረጋ። ፎልከርት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ከዚሁ ከመንደራችን ለቀማቸው። አንዱ የዒላማ ተኳሾች ክበብ የባንዲራ መስቀያ ነበር። አንዱ የዶሮ ቆጥ። ሁሉም አንድ ቁጥር ነው ያለባቸው፤ አንድ ቀን አንድ ቦይ ውስጥ የተጣሉ ናቸው። እነዚህን እንደገና አገናኛቸው። ግን ታችኛው፣ መሬት የሚይዘው፣ የለም። ምሰሶው እስከዛሬ በእንጨት ጉማጅ ላይ ነው የቆመው።

ስንቶቻችሁ ልትረዱት ሞከራችሁ? "እኔ ጋ ልክ እንደሱ ያለ ታችኛ አለ፣ ውሰደው" ያላችሁት ስንት ናችሁ? ምን ብሎ መለሰላችሁ?

"የእኔ አልጠፋም" አላችሁ። "የት ነው ታዲያ?" ስትሉት "ሥራ ላይ ነው" አላችሁ። ቀልድ መስሏችሁ ሳቃችሁ።

ሃርም፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ለአንተ ነው። ሌሎቻችሁ ስሙ።

በዚህ መንደር ሃርምና ፎልከርት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን፣ በመካከላቸው አንድ ቦይ ብቻ እንዳለ፣ ከእናታቸው ቀብር ወዲህም እንደማይነጋገሩ የማያውቅ የለም። ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቃለን ብለን ነበር። እናታቸው ሂልከ እዚሁ፣ ከዚያ አጥር ሥር፣ የተቀበረች ቀን ነው። ሰው ሁሉ ከዚህ ተመልሶ ቤቷ ሻይና የቅቤ ኬክ ቀርቦለታል። ፎልከርት ከመካከላችን ጠፋ። ሃርም ሊፈልገው ወጣ። አገኘው። ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ጓሮ ውስጥ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ የእናታቸውን የልብስ ማስጫ ብረት በጥፍሩ ሲጭር አገኘው።

በመስኮት በኩል ሁላችንም ሰማን። "የእናታችን ጉድጓድ ሳይደፈን ብረት ፍለጋ መጣህ?" አልከው። "እስክትሞት ነበር የምትጠብቀው?" አልከው። እሱስ ምን አደረገ? ተነሳ፤ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ኮቱን ወሰደ፤ ሄደ። ዝም ስላለ ጥፋተኛ መሰለ። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ሃርም፣ አንተን ማን ይፈርድብሃል? እኔም ወንድሜን እንደዚያ ባገኘው ከዚያ የባሰ እናገር ነበር።

ግን ጠየቅሁት። ብዙ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ፣ ጎተራው ውስጥ ጠየቅሁት። ያለኝን ቃል በቃል ልንገርህ፤ ቃሉ ጥቂት ነበርና አልረሳሁትም።

"ቤት ውስጥ ሁሉም ያወራል" አለኝ። "ለእኔ ልቅሶው አልመጣልኝም። ወጣሁ። ልብስ ስትሰጣ በግራ እጇ የምትደገፍበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ጋ ቀለሙ አልቋል። እጄን እዚያ አሳረፍኩ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ከዚያ ጥፍሬ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ። ቁጥሩን አገኘው። ያ ታችኛው ነው፣ ኤኖ። እድሜዬን ሙሉ በሰው ቆጥ ስፈልገው ያደግሁበት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ነበር። ደስ አለኝ። እናቴን በቀበርኩ ቀን ደስ አለኝ። ሃርም ቀና ስል ፊቴ ላይ ያየው እሱን ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?"

ይህን ነው ያለኝ። አያችሁ? ወንድሙ ያለው ነገር ውሸት መሆኑን ያውቃል። ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ግን እውነት ነበር። በዚያ አፍሮ ነው ዝም ያለው። በዚያ አፍሮ ነው እስከዛሬ ቦዩን ያልተሻገረው።

አልተሻገረም ልበል እንጂ ተሻግሯል። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ የቀጣናው ጭስ ማውጫ ሁሉ የቀጣናው ጠራጊ ነበር። ተጣላህም ታረቅህም እሱ ነው የሚጠርግልህ። በየዓመቱ ፎልከርት ወደ ሃርም ቤት፣ ሃርም ወደቀረበት የእናታቸው ቤት፣ መሄድ ነበረበት። በየዓመቱም ሃርም ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅሎ ትራክተሩን አስነስቶ ወደ ባሕሩ ግድብ ይሄድ ነበር። መንደሩ ሁሉ "ሃርም ትራክተር ላይ ከወጣ የጭስ ቀን ነው" እያለ ሲስቅ ኖሯል። እኔም ስቄያለሁ።

ትራክተሩ ከሄደ በኋላ ግን ምን ይደረግ ነበር? መሰላል ልይዝለት አብሬው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭሱን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላኛው በር ወደ ጓሮ ይወጣል። ሰውነቱ ሁሉ ጥቀርሻ ነውና ብረቱ ላይ የተሰጣ ልብስ ካገኘ መጀመሪያ እጁን በበርሜሉ ውሃ ይታጠባል። ከኪሱ ጨርቅና የግራሶ ቆርቆሮውን ያወጣል። ተንበርክኮ የዚያን ብረት እግር ያሻል፤ የባሕሩ ንፋስ እንዳይበላው። ቀለሙን አይነካም። ቀለሙን የቀባችው እናቱ ናት፣ በየጸደዩ፣ አረንጓዴ ላይ አረንጓዴ። አንድ ጊዜ ንፋስ የጣለውን ሸሚዝህን ከሣሩ አንስቶ እንደገና አስጥቶልሃል። "ትንሽ አቆሸሽኩት መሰለኝ፣ ሃርም ሚስቱን ይቆጣል" ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲጨነቅ ነበር።

"አንተ ሰው፣ ብረቱን አትወስድም፣ ወንድምህን አታናግርም፣ ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"እየሠራሁ ነው" አለኝ።

"ለምን አልነግረውም እኔ?"

"እንዳትነግረው። እልኸኛ ነው፤ ዛሬ ብትነግረው ነገ ነቅሎ ደጄ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ልብሱን የት ያሰጣል? በሕይወት እስካለሁ እንዳትነግረው።"

ጡረታ የወጣ ቀን በእሳት አደጋ ቤቱ ግብዣ አድርገንለት ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ፎልከርት ፊቱ ጠቁሮ ዋለ። "ጣሪያዎቹን ይናፍቃል" አልን። የትኛው ጣሪያ? እሱ ያዘነው ወንድሙ ቤት የሚያስገባው ሕግ ስላለቀ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን በር የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። ሃርም፣ ለዓመታት በባሕር ንፋስ ያልዛገ ብረት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እግሩ መዛግ የጀመረው ለምን እንደሆነ ገርሞህ አያውቅም? አሁን ታውቃለህ።

በሕይወት እስካለሁ ብሎኝ ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ዛሬ ነጻ ወጣሁ።

ከእናንተ ከሰብሳቢዎቹ መካከልም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጌሸ ጋ ስለ ምሰሶው የደወላችሁ አላችሁ። ተጎታች ጋሪ አስራችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ አይቼዋለሁ። አልቀየማችሁም፤ እኔም ከእናንተው ነኝ። መልሷን ግን ስሙ። ምሰሶው አይሸጥም። ታችኛውም ማንም አይጠይቀው። ሰኞ ሰኞ ልብስ ይሰጣበታል።

ወገኖቼ፣ ልማዳችን የመጀመሪያውን አፈር ሚስት ትጥላለች ይላል። ጌሸ ግን ዛሬ ጠዋት ጓንቷን እያጠለቀች "እኔ ቀድሜ አልጥልም" አለችኝ። "እኔ ያገባሁት ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። በአንድ አልጋ አብሮት ያደገ ሰው አለ። እሱ ካልመጣ እጠብቃለሁ" አለች። "ቢዘንብስ?" አልኳት። "ይዝነብ" አለች።

ሃርም፣ እንግዲህ የምትጠብቅህ እሷ ናት። ማንም አያስገድድህም። በሩ ቅርብህ ነው፤ ብትሄድም የሚወቅስህ የለም። ወንድምህ ሲጠላህ የኖረ መስሎህ ከሆነ ግን ይህን ይዘህ አትሂድ። ጠልቶህ አያውቅም። አፍሮ ነው። እናታችሁ በተቀበረችበት ቀን ደስ ስላለው አፍሮ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል አጥቶ፣ በየዓመቱ መጥቶ ብረትህን ሲያሽ የኖረ ሰው ነው እዚህ ውስጥ ያለው።

ልቀቁለት እስቲ። ወደ ጎን በሉለት፣ ይለፍ።

አካፋው ያውና ሃርም። አይ፣ በእጅህ ይሁን ካልክ በእጅህ ይሁን። ጌሸ፣ ክንዱን ያዥው፤ ጠርዙ ያንሸራትታል።

ፎልከርት፣ ወዳጄ፣ አንተ ያልቻልከውን እኔ ተናግሬልሃለሁ፤ የጎደለውን ይቅር በለኝ። ደህና ሁን። ከእንግዲህ የምታፍርበት ነገር የለህም። ወንድምህ ቦዩን ተሻግሮ መጥቷል።